እትዬ ዝግታ መሪ የጨበጠች ዕለት

እህቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መኪና ውስጥ ውላለች፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ግን አንድም ቀን አልነዳችም። ነገሩ ግራ ቢገባችሁ አልፈርድባችሁም። መንጃ አስተማሪ ናት። ተማሪው መሪውን ጨብጦ ላቡን ያፈሳል፤ እሷ ከጎኑ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ከእግሯ ሥር የራሷ ፍሬንና የራሷ ፍሪሲዮን አላት፤ መሪና ነዳጅ መስጫ ግን የላትም። ማቆም ትችላለች፣ መሄድ አትችልም። ፍሬን የምትረግጥበት የቀኝ ጫማዋ ብቻ እየተበሳ ደጋግማ ብታመጣለት፣ ጫማ ሰፊው «እርስዎ በአንድ እግር ነው እንዴ የሚሄዱት?» ብሎ ጠይቋት ያውቃል።

ከተማችን ውስጥ መሪ የጨበጠ ሰው ሁሉ በእጇ አልፏል። የአምቡላንሱ ሾፌር፣ ዳቦ አከፋፋዩ፣ ቆሻሻ የሚጭነው ሰውዬ፣ የትራፊክ ፖሊሱ ሚስት ሳትቀር። ለሁሉም የምትለው አንድ ቃል ነው፦ «በዝግታ!» ተማሪው ሲፈጥን «በዝግታ»፣ ቆሞም እያለ «በዝግታ»። ከዚህ የተነሳ እውነተኛ ስሟ ተረስቶ «እትዬ ዝግታ» ሆና ቀረች። እኔ ታናሽ ወንድሟ ስለሆንኩ «እትዬ» ብቻ እላታለሁ፤ ዝግታውን ከኋላዋ ነው የምለው።

የምትሠራበትን ክፍል አይቼዋለሁ። አንድ መስኮት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የመንገድ ምልክቶች የታተሙበት ትልቅ ወረቀት አለ። ፀሐይ ስለሚያርፍበት ቀዩ ቀለም ደብዝዞ «ቁም» የሚለው ምልክት ሮዝ ሆኗል፤ ማንም የሚቆምለት አይመስልም። መሐል ላይ መንገድና መስቀለኛ የተሳለበት ጠረጴዛ አለ። በላዩ ስድስት የልጆች መጫወቻ መኪኖች ተደርድረዋል፤ አንዷ ጎማ የላትም። እህቴ መኪኖቹን በጣቷ እየገፋች ማን ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ ታሳያለች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በገዛ እጇ የነዳችው እነሱን ብቻ ነው።

እንዲህ ሆና ግን አልተፈጠረችም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከወንዙ ማዶ በነበረው ሰፊ እርሻ ትራክተር ነጂ ነበረች፤ ከሃያ ሦስት ነጂዎች መሐል አንዷ ሴት። እኔ ያኔ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ቤት ስትመጣ የናፍጣው ሽታ ከሩቅ ይደርሰናል፤ ሳቋ ደግሞ ከናፍጣው ቀድሞ ይደርሳል። ስምንት ዓመት አረሰች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባት ወር ሲሞላት ሆዷና መሪው በቦታ ተጣሉ፤ ሆዷ አሸነፈ። ወልዳ ስትመለስ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘች። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ልጆቿን አሳደገች፣ ከዚያ ማሠልጠኛው ቀጠራት፤ ያ ሳቅም የት እንደገባ ሳናውቅ ጠፋ። ሳትስቅ ቀርታ አይደለም፤ ግን ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። አንድ ቅዳሜ የቤቴ ጣሪያ ላይ የላላ ቆርቆሮ ስመታ ቆይቼ ስወርድ፣ መሰላሉ አራት ደረጃ ሲቀረው ባለቤቴ ከታች ሆና «ቀስ በል፣ ዕድሜህን እወቅ» አለችኝ። ዕድሜዬን ላሳያት ዘለልኩ። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ የሚለውን ተረት ስሰማው ነው ያደግሁት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ስለ ሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር። ሐኪሙ ግራ እግሬን ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት በጀሶ ጠቅልሎ «ስድስት ሳምንት» አለኝ። ሁለት ክራንችም ሰጠኝ።

ሕመሙስ ይቻላል። ያልቻልኩት ቀኑን ነው። የገበሬዎች ማኅበራችን ያለው ትራክተር አንድ ነው፤ እኛ ደግሞ ሠላሳ አንድ ነን። ለእያንዳንዳችን አንድ ቀን ይደርሰናል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል፣ ስትገባ ያበቃል። ተራው ያመለጠው ሰው ወር መጠበቅ አለበት፤ ያኔ የዘር ጊዜው አልፏል። የእኔ ተራ ረቡዕ ነበር። ያለፈውን አዝመራ በረዶ ጨርሶብኛል፤ ዘንድሮ ደግሞ ሦስቱን ሄክታር ሳልዘራ ካለፍኩ ቤቴ ውስጥ ምን እንደሚበላ አላውቅም። ለዘር ያስቀመጥኩት ስንዴ በጆንያ ሆኖ ከአልጋዬ ትይዩ ተደርድሯል፤ ተኝቼ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። አካባቢያችን ካሉት ሁለት ነጂዎች አንዱ ከተማ ሄዷል፤ ሌላው ከጠዋት ጀምሮ ስለሚጠጣ ትራክተር ቀርቶ የራሱን እግር መንዳት አይችልም።

«እትዬስ?» አለች ባለቤቴ።

ሳቅሁ። «እሷ ታስነዳለች እንጂ መቼ ትነዳለች? ትራክተር ከተወች ሠላሳ አንድ ዓመት እኮ ሆናት!»

«አንተስ ከዘለልክ ስንት ዓመት ሆኖህ ነበር?» አለችና ስልኩን አንስታ ደወለች።

እህቴ ነገሩን ሰምታ ዝም አለች። ዝምታው ከመርዘሙ የተነሳ ባለቤቴ ተቋርጦ እንደሆነ ብላ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው። በመጨረሻ ድምጿ መጣ፦ «ማረሻው ባለ ስንት ነው?»

«ባለ ሦስት!» አልኩ ከአልጋዬ ጮኬ።

«ከሥራ ፈቃድ እጠይቃለሁ» አለችና ዘጋችው። እህቴ ለሠርጓ ካልሆነ በቀር ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም።

ረቡዕ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣች። የልጇን ሰማያዊ የሥራ ቱታ ለብሳ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፋዋለች፤ በብብቷ ደግሞ ማስተማሪያ መኪናው ውስጥ የምትቀመጥበትን ትራሷን ይዛለች። ባለቤቴ የሳሎኑን ባለ ክንድ ወንበር ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ማሳው ወለል ብሎ ከሚታይበት ቦታ አውጥታልኝ ነበርና፣ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ እንደ ሹም ተቀምጬ ተቀበልኳት። ጀሶዬን በጣቷ መታ መታ አድርጋ «ጥሩ ለስነዋል» አለችኝ። ከዚያ በላይ አላዘነችልኝም።

ወዲያው የማኅበሩ ትራክተር ጠባቂ ትራክተሩን እየነዳ መጣ። «ባለሰዓቱ» እንለዋለን፤ ሰዓቱን ሳያይ «እንደምን አደራችሁ» አይልም። የማኅበሩ ሕግ እንዲህ ይላል፦ ባለተራው ካልቻለ የቤተሰቡ ሰው ይነዳል፤ ነገር ግን ጠባቂው ፈትኖ ቅጹ ላይ ካልፈረመ ትራክተሩ ወደ መጣበት ይመለሳል። ባለሰዓቱ ከወንበሩ ወርዶ ቅጹን ይዞ ቀና ሲል ከእህቴ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙና ፊቱ ልውጥ አለ። ለካ ተማሪዋ ኖሯል። ያውም አራት ጊዜ ወድቆ በአምስተኛው ያለፈ።

«መምህርት፣ የሚፈተኑት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔ ነኝ። እንዳትራራልኝ።»

«እርስዎ መቼ ራርተውልኝ ያውቃሉ!» አለ። ቃሉ ሳያስበው እንዳመለጠው ከጆሮው መቅላት ታወቀ። እስክሪብቶውን ገልብጦ ነበር የያዘው።

እህቴ በትራክተሩ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረች። ጎማውን ነካች፣ የማረሻውን ብረት ነካች፣ ከዚያ መወጣጫውን ይዛ እንደ ልጅ ዘላ ወጣች። ወጥታም ከኋላው ትልቁ ጎማ መከለያ ላይ፣ በስተቀኝ በኩል፣ ትራሷን አነጠፈችና ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ትመለከት ጀመር።

እኛም ጠበቅን። ሞተሩ ይንተከተካል፣ የነጂው ወንበር ባዶውን ይንቀጠቀጣል።

«እትዬ፣ ምን እየጠበቅሽ ነው?» አልኩ።

«ተማሪውን» አለች። ከዚያ ባዶውን ወንበር አየችው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይላሉ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ከነጂ ጎን የለመደ መቀመጫ የነጂውን ወንበር አልፎት ይሄዳል። ባለቤቴ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ቤት ገባች። እህቴ ትራሷን አንስታ ወንበሩ ላይ አደረገችና ተቀመጠች፤ ከዚያ ጮክ ብላ ማዘዝ ጀመረች፦

«ወንበርህን አስተካክል። ስፖኪዮ እይ። ፍሪሲዮን ርገጥ፣ ማርሽ አስገባ፣ በዝግታ ልቀቅ…»

የምታዘው ራሷን ነው። ትራክተሩ ስፖኪዮ የለውም፤ ቢሆንም ለማየት ዞር ብላለች። ደግነቱ ታዛዥ ተማሪ ሆና ትራክተሩ ተንቀሳቀሰ። ግቢውን አቋርጦ በቀጥታ ሄደ፤ እኔም እፎይ ልል አፌን ከፈትኩ። በዚህ መሐል ባለሰዓቱ «ይቁሙ!» አለ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ የትራክተር ፍሬን ሁለት ነው፣ አንዱ ለግራ ጎማ፣ አንዱ ለቀኝ። ጎን ለጎን ስለሆኑ በትንሽ ብረት ሲቆለፉ እንደ አንድ ይሠራሉ፤ ማሳ ውስጥ በጠባብ ቦታ ለመዞር ሲፈለግ ደግሞ ቁልፉ ይከፈታል። የዚያን ዕለት ክፍት ነበር። የእህቴ እግር ሃያ ስድስት ዓመት የሚያውቀው አንድ ፍሬን ነውና አንዱን ብቻ በሙሉ ኃይሉ ረገጠ። ትራክተሩ አልቆመም፤ ዞረ። አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ፣ በአንድ ጎማው ላይ ሙሉ ዙር ተሽከረከረና ዶሮዎቹን በትኖ፣ ባልዲያችንን ጨፍልቆ፣ ፍሪሲዮኑ ትዝ ሲላት ባለሰዓቱ አፍንጫ ሥር መጥቶ ቀጥ አለ። ሰውየው አልሸሸም። መሸሽ እንዳለበት የገባው ሁሉ ካለቀ በኋላ ይመስለኛል።

የእኔ ልብ ጀሶው ውስጥ ወረደ። ስንዴዬ ታየኝ፤ ሠላሳ ቀን ሙሉ ከአልጋዬ ትይዩ ተቀምጦ ሲያፈጥብኝ።

እህቴ ከወንበሩ ሆና ባለሰዓቱን አየችው። «አራት ጊዜ ስትወድቅ ምን እልህ ነበር?»

«‹ውረድ፣ ውሃ ጠጣ፣ ተመለስ› ይሉኝ ነበር።»

«እንግዲያው ውሃ አምጣልኝ።»

ራሱ ሄዶ አመጣላት። ወርዳ ጠጣች፤ ብርጭቆውን እስከ መጨረሻው አንጠፈጠፈችው። ስትመለስ ሁለቱን ፍሬኖች በእጇ ቆለፈች፣ ግቢውን ዞረች፣ ቆመች፣ ወደ ኋላ ሄደች፣ ማረሻውን አነሳች፣ ጣለች። ባለሰዓቱ እስክሪብቶውን አቅንቶ ፈረመ። ብስክሌቱን ከትራክተሩ ላይ አወረደና «ፀሐይ ስትገባ እመጣለሁ» ብሎ ሰዓቱን እያየ ሄደ።

ማረሱ ተጀመረ። የመጀመሪያው ትልም ሰካራም የሄደበት ይመስል ነበር፤ ሁለተኛው ሰካራሙን ሊፈልግ የወጣ ሌላ ሰካራም። እኔ እንግዲህ ማዘዝ እወዳለሁ፤ የተሰበረው ደግሞ እግሬ እንጂ አፌ አይደለም። «ግራ ያዢ! ግራ! ማረሻውን አንሺው! አሁን ጣይው! ዘገየሽ! ፍሬን! ሁለቱንም ፍሬን!» በየጩኸቱ ባልተሰበረው እግሬ መሬቱን እረግጣለሁ፤ አንዴማ ረስቼ በተሰበረው ረገጥኩና ዓይኔ ጨለመ። ባለቤቴ «ጀሶህ ይሰነጠቃል» ትላለች፤ ማን ይሰማታል። ሁለት ሰዓት አልፎ ከማሳው የታረሰው ለዶሮዎቹ መጫወቻ እንኳ አይበቃም ነበር።

በስንተኛው ዙር እንደሆነ እንጃ፣ ትራክተሩ ማሳው መሐል ቆመ። እህቴ ወረደች። ያንን ሁሉ ጓል እየረገጠች፣ ሳትቸኩል፣ እኔ ድረስ መጣች።

«ስማ አንተ ልጅ» አለች። እኔ የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ነኝ። «ከጎን ተቀምጦ መጮህ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩት በእሱ ነው። ያ ሁሉ ተማሪ እንዴት እንደቻለኝ ዛሬ ገባኝ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ማንም ሳይጮህብኝ ልንዳ።»

«ማሳው የእኔ ነው!» አልኩ። ደሜ ፈልቶ ነበር።

«መሪው የእኔ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞር ብላ፣ «ነይ ያንን ጫፍ ያዢልኝ።»

ባለቤቴ ሃያ አራት ዓመት የቆየ ትዳራችንን ለአፍታ እንኳ ሳታስብ ወንበሩን በዚያ በኩል ያዘችላት። ሁለቱ ሴቶች እኔን ከነወንበሬ ከነጀሶዬ አንስተው ወደ ቤቱ ግድግዳ አዞሩኝና አስቀመጡኝ። በርጩማዬን እግሬ ሥር አደላደሉ። ክራንቾቼን እጄ የማይደርስበት ቦታ አቆሟቸው። እህቴ አቧራዋን አራግፋ ተመለሰች።

የገዛ ቤቴን ግድግዳ እንደዚያ ቀን አይቼው አላውቅም። ከመስኮቱ ሥር ቀለሙ ሦስት ቦታ ተልጧል። አንድ የማይጠቅም ሚስማር አለ፤ ማን እንደመታው ትዝ አይለኝም፣ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ጉንዳኖች በአንዱ ስንጥቅ ይገባሉ፣ በሌላው ይወጣሉ፤ አዛዥ የላቸውም፣ ተሳስተውም አላየሁ። ተናድጄ ስለነበር እነሱንም ተቀየምኳቸው።

ቀስ በቀስ ግን ጆሮዬ ሥራ አገኘ። መጀመሪያ ማርሹ ሲንቋቋ፣ ሞተሩ ሲያጓራና ሊጠፋ ሲል እሰማ ነበር። በየጊዜው ልጮህ አፌን እከፍታለሁ፤ ለግድግዳ መጮህ አሳፍሮኝ እዘጋዋለሁ። ቆየት ብሎ ድምፁ ረጋ አለ። ማረሻው ሲገባ ይወፍራል፣ ዳር ደርሶ ሲነሳ ይቀላል፣ ይዞራል፣ እንደገና ይወፍራል። አንድም ጊዜ አልተደነቃቀፈም። የምሰማውን ማመን አቃተኝ።

«ምን እየሆነ ነው?» አልኩ ባለቤቴን። እሷ ከኋላዬ ቆማ ማሳውን እያየች ነበር።

«እትዬ እንዳትነግሪው ብላኛለች፣ አልነግርህም።»

«እባክሽ።»

ሴትዮዋ አንጀቷ አልቻለም። እንደ ኳስ አስተላላፊ ጀመረችው፦ «አሁን እየሄደች ነው… ጎማውን ማየት ትታለች… ማዶ ያለውን የስልክ ምሰሶ ነው የምታየው፣ ዓይኗን ተክላበታለች… ትልሙ ቀጥ አለ! ቀጥ አለ እኮ!… ደረሰች፣ ማረሻውን አነሳች፣ አሁን አንዱን ፍሬን ረገጠች…»

«አንዱን?!» ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም።

«አንዱን ብቻ፣ አውቃ ነው! ባለችበት ዞረች! ወይ ጉድ፣ እንዴት እንደዞረች ብታይ!» ጠዋት ዶሮ የበተነችበትን ጥፋት አሁን ሙያ አድርጋዋለች።

ቀትር ላይ ባለቤቴ ዳቦና ሻይ ይዛ ሄደች። ለምሳ እንድትወርድ ብትለምናት እምቢ አለች አሉ። ባለቤቴ ተመልሳ ከኋላዬ ስትቆም ድምጿ በሳቅ ተቆራርጦ ነበር፦ «በአንድ እጇ እየነዳች ነው፣ በሌላው ዳቦ ትበላለች!» ለዚህ ጥፋት እህቴ ስንቱን ተማሪ ከመኪና አውርዳለች መሰላችሁ። ከዚያ ባለቤቴ ዝም አለች።

«ምን ሆነች?»

«ትስቃለች» አለች በቀስታ።

«ከማን ጋር?»

«ብቻዋን። ዝም ብላ ትስቃለች።»

«አፏን በእጇ ሸፍናለች?»

«በምን እጇ? አንዱ መሪ ላይ፣ አንዱ ዳቦ ላይ ነው።»

ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ ሳቋን ልሰማው አልቻልኩም። ግን አውቀዋለሁ። ከናፍጣው ቀድሞ የሚደርሰው ነው። ግድግዳውን እያየሁ ደስ አለኝ፤ እንዲያው ደስ አለኝ። የተናደድኩበትንም ረሳሁት።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ወደ ጎረቤት ብቅ አለች፤ እኔም በዚያ ድምፅ ላይ ትንሽ ሳላሸልብ አልቀረሁም። የነቃሁት በጸጥታው ነው። ሞተሩ ጠፍቷል። ጠበቅሁ፤ አልተነሳም። ትልቁን ጥላዬን ግድግዳው ላይ አየሁት፤ ፀሐይ ከኋላዬ ዝቅ ብላለች ማለት ነው። ተበላሸ፣ አልኩ። ወይም ተገለበጠ። ወይም እትዬ አንድ ነገር ሆነች። ስንዴውም ማሳውም ከሐሳቤ ወጥቶ «እትዬ!» ብዬ ጮህኩ። መልስ የለም። ባልተሰበረው እግሬ ግድግዳውን እየገፋሁ፣ ወንበሩን በስንዝር በስንዝር እያንሸራተትኩ፣ ክራንቾቹ ጋ ደረስኩ።

ስዞር ማሳው ፊቴ ተዘርግቷል። ጥቁር፣ የተገለበጠ፣ ትልሞቹ ከጠዋቱ ሰካራሞች በቀር ሁሉም ቀጥ ያሉ። ከወዲያኛው ዳር አንዲት ጠባብ ቁራጭ ብቻ ቀርታለች፤ አንድ ሂያጅና አንድ ተመላሽ። ትራክተሩ ቁራጯ አፍ ላይ ቆሟል። እህቴ ወንበሩ ላይ ናት፣ እጆቿ ጭኗ ላይ።

በታረሰ መሬት ላይ በክራንች መሄድን ለጠላቴም አልመኝም። ክራንቹ ይሰምጣል፣ እሱን ስነቅል ሌላው ይሰምጣል። ስደርስ ምላሴ ወጥቶ ነበር።

«ምን ተበላሸ?»

«ምንም።»

«ናፍጣ አለቀ?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ፀሐይዋን አታይያትም?» ፀሐይዋ ከአድማሱ አንድ እጅ ያህል ብቻ ከፍ ብላለች። ድምፄ ሳላስበው ጨመረ።

«አንድ ዙር ነው የቀረው» አለች፤ ወደ እኔ አላየችም። «እሷን ካረስኩ ያልቃል። ካለቀ እወርዳለሁ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተማሪ አለኝ፤ ከጎኑ እቀመጣለሁ።»

ልቆጣ የጀመርኩትን ተውኩት። ፊቷ አቧራ በአቧራ ሆኗል፣ ከዓይኗ ሥር ደግሞ አቧራውን ቦይ ቦይ አድርጎ የወረደ ነገር አለ። እኔ ቀኑን ሙሉ ስለ ማሳዬ ስጨነቅ፣ ለእሷም ቀኑ አንድ ብቻ እንደሆነ ለአፍታ አልታየኝም ነበር። አፈርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት «ትራክተሩ አይናፍቅሽም ወይ?» ብዬ ጠይቄያት እንኳ አላውቅም።

«እትዬ» አልኳት። «በዝግታ እረሺያት።»

ቀና ብላ አየችኝ። ቀኑን ሙሉ ከሰጠኋት ትእዛዝ የተቀበለችኝ እሱን ብቻ ነው። ሞተሩን አስነሳች፣ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ማርሽ አስገባች፣ ጉንዳን በሚያስንቅ አካሄድ ገባችበት። እኔ በክራንቼ ከጎኗ እየተንገዳገድኩ ሄድኩ፤ ቀደምኳት እንኳ። ፀሐይዋ አድማሱን ስትነካ ማረሻው ለመጨረሻ ጊዜ ከመሬት ወጣ። ማሳዬ ታረሰ። ሦስቱም ሄክታር።

ባለሰዓቱ በብስክሌቱ ደረሰ። ሰዓቱን አየ፣ ማሳውን አየ፣ አጎንብሶ በአንዱ ትልም ርዝመት ዓይኑን ሰደደ። ከዚያ ቅጹ ላይ ፈረመ። እህቴ ትራሷን አንስታ፣ መሪውን በእጅጌዋ ጠራርጋ፣ አንድ እግሯን ወደ መወጣጫው አወረደች።

«መምህርት፣ ይቆዩ እስቲ» አለ ባለሰዓቱ። «ብስክሌቴን ማን ይነዳልኛል? እርስዎ ትራክተሩን እስከ መጋዘኑ ያድርሱልኝ፣ እኔ ከኋላ እከተላለሁ።»

ባለሰዓቱ ብስክሌቱን በየቀኑ ከትራክተሩ ወንበር ጀርባ አስሮ ነው የሚመለሰው። ገመዱ ያን ጊዜም ከብስክሌቱ ኮርቻ ላይ ተንጠልጥሎ ይታይ ነበር። እኔ አየሁት፣ ባለቤቴም ከጎረቤት ተመልሳ ነበርና አየችው፤ እህቴም ሳታየው አልቀረችም። ማናችንም ትንፍሽ አላልንም። እግሯን መልሳ ሰበሰበች።

መብራቱን አብርታ፣ ማረሻውን ከፍ አድርጋ ወጣች። ከቤታችን ደጃፍ ሆኖ ላየ መገንጠያው ወለል ብሎ ይታያል። በግራ የማኅበሩ መጋዘን ነው፤ የአምስት ደቂቃ መንገድ። በቀኝ አስፋልቱ ነው፤ ከተማውን ሙሉ፣ ገበያውን፣ አውቶቡስ ማቆሚያውን፣ ማሠልጠኛውን ዞሮ ከአንድ ሰዓት በኋላ በጓሮ በኩል ወደ መጋዘኑ ይመለሳል። እህቴ መገንጠያው ጋ ከመድረሷ ብዙ ቀደም ብላ ፍጥነቷን ቀነሰች። ክንዷን ከትከሻዋ አስተካክላ፣ ልክ ሕጉ እንደሚያዘው፣ ቀጥ አድርጋ ዘረጋች። ወደ ቀኝ።

ባለሰዓቱ ብስክሌቱን አቆመ። ሰዓቱን ያያል ብዬ ጠበቅሁ፣ አላየም። ግራና ቀኙን ተመለከተና እሱም ክንዱን ወደ ቀኝ ዘርግቶ ተከተላት።

ባለቤቴ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ታይ ነበር። «መጋዘኑ በግራ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«በግራ ነው» አልኳት። ሁለቱም እጆቼ ክራንች ላይ ስለነበሩ እንባዬን የጠረገችልኝ እሷ ናት።